በጥቅል ጉዞ ውስጥ የተካተቱ ጉብኝቶች በወሎ

ጥቅል ጉዞ መንገደኛው የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውን፣ የአስጎብኚውንና የመግቢያውን ሒሳብ በአንድነት አስቀድሞ ከፍሎ የሚጓዝበት አሠራር ነው። «የተካተተ ጉብኝት» የሚባለውም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ የታሰበ፣ እቦታው ሲደረስ እንደገና የማይከፈልበት ጉብኝት ነው። በወሎ ይህ አሠራር ጎልቶ የሚታየው በላሊበላና በዙሪያዋ ሲሆን፣ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ግሸንና ወደ ባቲ የሚደረገው ጉዞም በመጠኑ በዚሁ መንገድ ይሸጣል። «ተካቷል» የምትለዋ ቃል ግን በውሉ ላይ ከተጻፈችው በላይ የምትደብቀው ነገር አለ፤ ጉብኝቱ መካተቱ አንድ ነገር ነው፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው ሰዓት እንደተያዘ ደግሞ ሌላ ነው። በወሎ ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

አሠራሩ እጅግ ተደራጅቶ የሚገኘው በቅንጡ የባሕር ሽርሽር መርከቦች ላይ ነው። በአብዛኞቹ የሽርሽር መርከቦች ከወደብ ወርዶ የሚደረግ ጉብኝት ለብቻው ይሸጣል፤ እንደ ሪጀንት ሰቨን ሲስ ያሉ የቅንጦት ኩባንያዎች ግን በየወደቡ ከሚያዘጋጇቸው ጉብኝቶች ብዙዎቹን በጉዞው ዋጋ ውስጥ ያካትታሉ፣ ቫይኪንግም በየወደቡ አንድ ጉብኝት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቀርባል። ዋጋው ተካተተ ማለት ግን ወንበሩ ተያዘ ማለት አይደለም። መንገደኛው መርከቡ ከመነሣቱ ከብዙ ሳምንታት አስቀድሞ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የሚፈልገውን መርጦ ማስያዝ አለበት፤ ምርጫው የሚከፈትለት ቀንም እንደተከራየው ክፍል ደረጃ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ቦታው ከሞላ በተጠባባቂነት ይመዘገባል። በመርከቡ በኩል የተዘጋጀ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ተሳፋሪዎቹን ይጠብቃል፣ በግሉ ወጥቶ የዘገየውን ግን ጥሎ ይሄዳል። ወሎ ባሕር የለውም፤ ነገር ግን እንግዳው ለጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ብቻ ወርዶ፣ አይቶ፣ መልሶ የሚሳፈር በመሆኑ የሁለቱ ችግር አንድ ዓይነት ነው። በላሊበላ የመርከቡን ቦታ የያዘው አውሮፕላን ሲሆን፣ ሰዓቱን የሚወስነው ግን ከሁሉ በላይ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ላሊበላ በሰሜን ወሎ ዞን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በቀድሞ ስሟ ሮሐ የምትባል ከተማ ናት። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በዛጔው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በጉብኝት አሠራር በሦስት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ምድብ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ እንደ አንድ የሚቆጠሩት ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤልም ይገኛሉ። በከተማው ውስጥ ዮርዳኖስ ከተባለው ወንዝ ማዶ ባለው በሁለተኛው ምድብ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ለውጭ አገር ጎብኚ የሚቆረጠው አንድ ቲኬት እነዚህን ሁሉ ለተወሰኑ ቀናት የሚያስገባ በመሆኑ፣ በጥቅሉ ውስጥ «የላሊበላ መግቢያ» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ከከተማው ውጭ ያሉት ገዳማትና አድባራት ግን በዚህ ቲኬት አይታዩም፤ እያንዳንዳቸው በየደጃፋቸው ያስከፍላሉ። ብዙ አለመግባባት የሚነሣውም ከዚህ ነው፤ እንግዳው «የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ተካተዋል» የሚለውን ሲያነብ ከከተማው ውጭ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ያለበት ይመስለዋል።

ስለዚህ ጉዞ ሲያዝና ቀብድ ሲከፈል የጉብኝቱ ዝርዝር ቦታ በቦታ ተጽፎ መገኘት አለበት። የአካባቢው አስጎብኚ ክፍያ አለበት ወይስ የለበትም? ከአዲስ አበባ አብሮ የሚመጣው አስጎብኚ የአካባቢውን አስጎብኚ አይተካም፤ የላሊበላ አስጎብኚዎች ከካህናቱ ጋር የሚተዋወቁ፣ የትኛው በር በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የበቅሎ ኪራይስ? የጫማ ጠባቂውስ? በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ ወልቆ ስለሚገባ፣ ጫማ የሚጠብቁና ቀድመው ወደ ሚቀጥለው በር የሚያደርሱ ሰዎች ከእንግዳው ጋር ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። የእነርሱ ድካም ዋጋ በጥቅሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ እኔ እንደማምነው ግን አስጎብኚ ድርጅቱ አስቦ ሊከፍለው እንጂ ለእንግዳው ልግስና ሊተወው አይገባም። መስቀላቸውን አውጥተው ለሚያሳዩ ካህናት የሚሰጠው ግን ክፍያ ሳይሆን ስጦታ ነው፤ በጥቅል ሒሳብ ሊገባ አይችልም፣ ቢገባም መልኩን ያጣል።

አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ የሚከፈቱት በአብዛኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያም ከ8 ሰዓት እስከ አመሻሹ ድረስ ነው፤ የቀትሩ ዕረፍት ለካህናቱ ነው። ከጠዋት አውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ ጠዋት የሚመለስ ጥቅል በወረቀት ላይ «አንድ ሙሉ ቀን» ተብሎ ቢጻፍም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ሆቴል መግቢያውና ምሳው ሲቀነሱለት ለጉብኝት የሚተርፈው ከሰዓት በኋላው ብቻ ነው። በአንድ ከሰዓት 11 ቤተ ክርስቲያን ማየት ይቻላል፤ መሮጥ ነው እንጂ መጎብኘት ግን አይባልም። የመጀመሪያውን ምድብ ለአንድ ግማሽ ቀን፣ ሁለተኛውን ምድብ ለሌላ ግማሽ ቀን፣ ቤተ ጊዮርጊስን ደግሞ ፀሐይ ዘንበል ስትል ለብቻው የሚይዝ መርሐ ግብር ከሁሉ የተሻለ ነው። ወደ 12 ሜትር ገደማ ቁልቁል የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ከላይ፣ ከዐለቱ ጫፍ ሆኖ ጣሪያው ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ይታያል፤ ከዚያ በጠባቡ መተላለፊያ ወርዶ ከእግሩ ሥር መቆም ይቻላል። ከሌሎቹ በአንዳንዶቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከዝናብ መጠለያ ተሠርቶባቸዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ያለ መጠለያ ከሰማይ በታች ነው።

ከሰዓቱም በላይ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን፣ ከሰዓት በኋላ የተያዘ ጉብኝት በደጀ ሰላም ቆሞ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። በሰንበት ደግሞ ቅዳሴው ከሌሊት ጀምሮ በማለዳ ስለሚያልቅ፣ ማልዶ ተነሥቶ በነጠላ የተሸፈነውን ሕዝብ ለማየት የሚፈልግ እንግዳ አስቀድሞ ለአስጎብኚው መንገር አለበት፤ የሆቴሉ ቁርስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቤተ ጎልጎታ ለሴቶች አይፈቀድም። ይህን ባልና ሚስት ሆነው ለሚመጡ እንግዶች በር ላይ ሲደርሱ ሳይሆን ጉዞውን ሲያስይዙ መንገር የአስጎብኚ ድርጅቱ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስንት ቅያሜ የመጣው ባለመነገሩ ነው። በሁለተኛው ምድብ ውስጥ የሲኦል ምሳሌ የሚባለው ጨለማ ዋሻም አለ፤ በእጅ ግድግዳ እየዳሰሱ የሚያልፉበት ስለሆነ ጨለማና ጥበት የሚከብደው ሰው በውጭ በኩል የሚያዞር መንገድ ይጠይቅ።

ከከተማው ውጭ ካሉት ጉብኝቶች ቀዳሚው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የሚገኘው ይህ ቤተ ክርስቲያን አልተፈለፈለም፤ በእንጨትና በኖራ በተለሰነ ድንጋይ ድርብ ድርብ ሆኖ፣ በአክሱም ዘመን ጥበብ የታነጸ ሕንፃ ነው። ከጀርባው በዋሻው ውስጥ የብዙ ምእመናን አፅም ተከማችቷል። መንገዱ ጥርጊያ ስለሆነና መኪናው ከቆመበት በእግር ዳገት ስለሚወጣ የግማሽ ቀን ጉብኝት ተብሎ ሲሸጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ደግሞ ሙሉ ቀንም ላይበቃ ይችላል። የአሸተን ማርያም ጉብኝት በእግር ወይም በበቅሎ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ የሚወጣ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለሆነ በዚያው ቀን ከቆላ የመጣ ሰው በማግስቱ ቢወጣው ይሻለዋል። ቅርብ የሆነው ነአኩቶ ለአብ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳዎች ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ ስላለ፣ ብልህ አስጎብኚ ጓዝ ተጭኖ ሲመለሱ ያስገባዋል። በአጼ ይኩኖ አምላክ ዘመን የተሠራችው ገነተ ማርያምና የብልባላ አብያተ ክርስቲያናት በጥቅል ውስጥ የሚገቡት ከሦስት ቀን በላይ ለሚቆይ እንግዳ ነው።

ገና ለብቻው የሚታይ ነው። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት የሚከበርበት ዕለት ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዘመን ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በውጭው አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ፣ «ታኅሣሥ 29» ተብሎ ብቻ የተያዘ ክፍል አንዳንድ ጊዜ አንድ ቀን ይዛነፋል። በቤተ ማርያም አናት ላይ ባለው በማሜ ጋራ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ የሚያሸበሽቡበት ሥርዓት ለማየት ከየአገሩ በእግሩ የመጣ ምእመን ከተማውን ይሞላዋል። በዚያ ሳምንት ክፍል ከወራት በፊት ያልተያዘለት እንግዳ ማደሪያ አያገኝም፤ የተካተተው የአብያተ ክርስቲያናት ጉብኝትም በስሙ እንጂ በተግባር እንደሌላው ቀን አይሆንም፣ ምክንያቱም ቤቶቹ የተሳላሚው ናቸው። ሥዕሉንና ሕንፃውን በጸጥታ ለማየት የሚሻ ሰው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ቢያስይዝ ይሻለዋል፤ በዓሉን የሚሻ ግን ሕንፃውን ለሌላ ጊዜ ይተወው።

ከደሴ የሚነሣው ጉዞ እንደ ላሊበላው የተደራጀ አይደለም። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሐይቅ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ አበምኔትነት የታላላቅ መነኮሳት ትምህርት ቤት የነበረ፣ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት እንግዶች ወደ ውስጥ አይገቡም፣ ስለዚህ ሙሉ ዋጋ ከማስከፈል በፊት ለእነርሱ የሐይቁ ዳርቻ ጉብኝት በውሉ ላይ ሊለይ ይገባል። ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው መስከረም 21 ነው፤ አምባው በቅርጹ መስቀልን የሚመስል ሲሆን፣ ለጎብኚ ጥቅል የሚስማማው ከንግሡ ውጭ ያለው ጊዜ ነው። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ በዚያው በአምባሰል መስመር ስላለ ከሐይቅ ጋር በአንድ ቀን ይያያዛል። መቅደላ ግን፣ አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ያረፉበት አምባ፣ ከደሴ ደርሶ መልስ ተብሎ ሲሸጥ ማመን አያስፈልግም፤ ድንኳን ይዞ ማደር የሚጠይቅ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጦርነት ወደ ወሎ ከደረሰ ጀምሮ፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፣ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። አስጎብኚው፣ የበቅሎው ባለቤት፣ ጫማ ጠባቂውና የሆቴሉ ሠራተኛ እንግዳ አጥተው የከረሙባቸው እነዚያ ወራት በከተማው ላይ ከባድ ነበሩ። በዚህ ምክንያት የጥቅል ውል ሲፈረም በረራ ቢሰረዝ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ፣ ወይስ ቀኑ እንደሚዛወር፣ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ለአካባቢው አስጎብኚ የተከፈለው ድርሻ ግን እንግዳው ቢቀርም ባይመለስበት መልካም ነው፤ ያ ሰው ቀኑን ለሌላ አልሸጠውም።

ገበያ የተካተተበት ጉዞ ሲሆን ሁሉም በሳምንቱ ቀን ይወሰናል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ፣ የሰንበቴ እሑድ፣ የባቲ ሰኞ ነው። ከአፋር ቆላና ከወሎ ደጋ የሚመጣ ሕዝብ የሚገናኝበትን የባቲን ገበያ ማየት የሚፈልግ እንግዳ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ የሚደርስበትን ቀን ወደ እሑድ ማዞር ይኖርበታል፤ ሰኞ ማልዶ ባቲ ገብቶ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ደሴ ተመልሶ፣ ማክሰኞ ሐይቅንና ይስማ ንጉሥን አይቶ፣ ረቡዕ በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ ይሄዳል። በዚህ አካሄድ ወደ ላሊበላ የሚደርሰው በጾም ቀን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ምድብ ጉብኝት ለሐሙስ ጠዋት ይያዝለታል።