አባታችንን ስናስብ፦ ያስተማሩበት ዘመንና የታመሙበት ዘመን

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዕድሜያቸውን ሕፃናትን በማስተማር አሳልፈው፣ በመጨረሻም ረጅም ሕመም ታመው ያረፉትን መንፈሳዊ አባታችንን ስናስብ ሕይወታቸውን ሳናስተውል ለሁለት እንከፍለዋለን። መዝሙር ያስጠኑበትንና ወንጌል ያስተማሩበትን ጊዜ «የአገልግሎት ዘመናቸው» እንላለን፤ አልጋ ላይ የዋሉበትን ደግሞ ከአገልግሎት እንደ ተለዩበት ጊዜ እንቆጥረዋለን። እኔ ይህን አከፋፈል አልቀበለውም። ሐዋርያው «የእግዚአብሔርን ቃል የተናገሩአችሁን ዋኖቻችሁን አስቡ፥ የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» (ዕብ. 13፥7) ሲል፣ የተናገሩትን ቃል ከኑሯቸው ጋር አያይዞ እስከ ፍጻሜው እንድንመለከት ያዝዘናልና።

ከልጆች ጋር የነበራቸውን አኗኗር አስቀድመን እናንሣ። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ያመጡትን ሰዎች በገሠጹ ጊዜ ጌታችን ተቈጣ፤ ልጆቹንም አቀፋቸው፣ እጁንም ጭኖ ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)። አባታችንም ሕፃን ጥያቄ ሲጠይቃቸው የማይስቁበት፣ የቀረውን ልጅ በስሙ ጠርተው «የት ሄደ?» የሚሉ ሰው ነበሩ። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስተምር፣ ወላጆች የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ለልጃቸው በሚገባው ቋንቋ እንዲተርኩለት፣ በሌላ ቀንም ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርከው እንዲጠይቁት ይመክራል፤ ልጁ ያንኑ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሲሰማ አስቀድሞ ያውቀዋልና ደስ ይለዋል። የአባታችንም ትምህርት እንዲሁ ነበር፤ ከሚናገሩበት ጊዜ ይልቅ ልጆቹ መልሰው ሲተርኩ የሚያዳምጡበት ጊዜ ይበዛ ነበር።

ይኸው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ404 ዓ.ም. ከመንበሩ ተሰዶ በ407 ዓ.ም. በስደት እስኪያርፍ ድረስ፣ በሕመም ተሠቃይቷል። በዚያ ዘመን ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያዳ በጻፈላት መልእክታት ሕመሙን አልሸሸገም፤ የሥጋ ሕመም ከመከራዎች ሁሉ የከበደ መሆኑንም ኢዮብን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳታል። ይህን የማነሣው፣ ስለ አባታችን ስንናገር «አንድም ቀን አላማረሩም» የሚለው ምስጋና ከአንደበታችን ስለማይጠፋ ነው። በቅንነት የሚነገር ቢሆንም እውነት አይደለም፤ ለሚሰሙት ሕሙማንም ሸክም ይጨምርባቸዋል። ሕመሙ ሲጠናባቸው ያቃስቱ ነበር፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን የዳዊትን ቃልም ጸሎታቸው ያደርጉት ነበር። እንዲህ ብሎ መጮኽ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ በመዝሙረ ዳዊት ባልተጻፈልን ነበር። ትዕግሥታቸው የታየው ሥቃዩን ወደ እግዚአብሔር ይዘው በመቅረባቸውና ሊጠይቃቸው የመጣውን ሰው ባለማስቀየማቸው ነው።

ልጆቹም ይህን አይተዋል። አንዳንዶቻችን ሕፃናት እንዳይደነግጡ ብለን ወደ አልጋቸው እንዳይቀርቡ ከልክለን ነበር፤ እርሳቸው ግን ይምጡ አሉ። ቀድሞ ታሪክ የተረኩላቸውን ልጆች አሁን እነርሱ እንዲተርኩላቸው ይጠይቋቸው ነበር፤ ድምፃቸው ደክሞ እንኳ በጥሞና ያዳምጡ ነበር። ትምህርቱ አልተቋረጠም ማለቴ ስለዚህ ነው።

አሁን በእርሳቸው ቦታ ቆማችሁ ሕፃናትን የምታስተምሩ ወገኖች፣ «ይህን ያህል ጸልየን እግዚአብሔር ለምን አልፈወሳቸውም?» የሚል ልጅ ይገጥማችኋል። ጥያቄውን አታፍኑበት፤ ጸሎታችን ስላነሰ ነውም አትበሉት። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ ከእርሱ እንዲለይ ሦስት ጊዜ እንደ ለመነ፣ መውጊያው እንዳልተወሰደለት፣ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ግን እንዳገኘ (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9) ተርኩለት፤ በሌላ ቀንም እርሱ መልሶ እንዲተርክላችሁ ጠይቁት።