የመሃል ሥዕል ምንድን ነው?

በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርክ የሸራ ሥዕል አታጡም። ሸራው በትናንሽ ሣጥኖች የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ ጊዜ 44 ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ሕዝቡ ለዘንዶው ይገብራል፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ዘንዶው ሞቶ ተዘርግቷል። እንዴት እንደ ወደቀ ግን አልተሳለም። አንገቱ መቼ ዘመም አለ? ጅራቱ ከጭንቅላቱ ቀድሞ መሬት ነካ ወይስ ተከተለ? ሠዓሊው ይህን ለተመልካቹ ትቶታል፤ ዓይናችንም ክፍተቱን ሳያጉረመርም ይሞላዋል።

አኒሜሽን የሚጀምረው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ዘንዶው ከቆመበት ሣጥን እስከ ተዘረረበት ሣጥን ድረስ ያለውን ጉዞ አንድ በአንድ የሚስል ሰው ያስፈልጋል። እነዚያ ሥዕሎች በሙያው ኢንቢትዊን ይባላሉ፤ እኔ የመሃል ሥዕል እላቸዋለሁ። ዳርና ዳር የቆሙት ሁለቱ ዋና ሥዕሎች ደግሞ ኪፍሬም ናቸው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ያሳያል። በእጅ የሚሠራ አኒሜሽን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃዋል። የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እንግዲህ 360 ሥዕል ይፈልጋል ማለት ነው፤ አብዛኞቹም የመሃል ናቸው። አንድ ሰው በቀን 20 ንጹሕ ሥዕል ቢያወጣ ሥራው 18 ቀን ይፈጅበታል። «በአራት ቀን አድርስልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየዋለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሥራውን ስፋት ሲያይ ይረዳል።

ስለ መሃል ሥዕል ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ቁጥሩ ገርሞኝ አይደለም። «አኒሜተር ለመሆን ከየት ልጀምር?» ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ መልሱም እዚህ ቃል ውስጥ ስላለ ነው። ዛሬ በዓለም የምናደንቃቸው ታላላቅ አኒሜተሮች ብዙዎቹ የጀመሩት የሌላ ሰው ሥዕሎችን መሃል በመሙላት ነው።

አሜሪካዊው ዊንዘር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 ስለ አንዲት ዳይኖሰር በሠራው አጭር ፊልም፣ ሥዕሎቹን ከአንድ እስከ መጨረሻው በተራ ከመሳል ይልቅ ዋና ዋናዎቹን አቋቋሞች አስቀድሞ ስሎ መሃላቸውን በኋላ መሙላት ጀመረ። ያኔ ሁለቱንም የሚሠራው ራሱ ነበር። በ1920ዎቹ ኒውዮርክ በነበረው በማክስ ፍላይሸር ስቱዲዮ ዲክ ሂውመር የሚባል የተዋጣለት አኒሜተር ነበር፤ ጊዜው ዋና ዋናዎቹ ሥዕሎች ላይ እንዲውል ተብሎ አርት ዴቪስ የሚባል ወጣት መሃሉን እንዲሞላለት ተመደበለት። በሙያው የመጀመሪያው የመሃል ሠዓሊ እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ዴቪስ በኋላ ራሱ አኒሜተርና ዳይሬክተር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፈተ። በኋላ ከዲዝኒ ታላላቅ አኒሜተሮች አንዱ የሆነው ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ዲዝኒ የገባው በመሃል ሠዓሊነት ነው። ታዋቂው ጃፓናዊ የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪም በ1963 በቶኤ ስቱዲዮ የተቀጠረው ለዚሁ ሥራ ነበር። ሚያዛኪ ገና በዚያ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ሳለ እየተሠራ ለነበረ አንድ ረጅም ፊልም የተሻለ መጨረሻ ሐሳብ አቅርቦ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህን ታሪክ ለጀማሪዎች ደጋግሜ የምነግረው ስለምወደው ነው፤ የሌላውን ሥራ መሃል የሚሞላ ልጅ ታሪኩን ከውስጥ ሆኖ ያነበዋልና።

እኛም ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፍ መጻፍ የሚማር የአብነት ተማሪ መጀመሪያ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፤ ብዕሩ የሚመጣው ኋላ ነው። ብራናውን በመዳፉ ሳያውቅ ፊደሉን እንዲጥልበት ማንም አይፈቅድለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመሃል ሥዕል በመሃል የሚቀመጥ ሥዕል ብቻ ከመሰላችሁ ስሙ አታሏችኋል።

ከሜክሲኮ አደባባይ የሚነሣ ሚኒባስ አስቡ። ቆሟል፤ ከዚያ ሃምሳ ሜትር ላይ ይገኛል። እነዚህ ሁለት ኪፍሬሞች ናቸው። መካከሉን እኩል እኩል ብትከፋፍሉት ሚኒባሱ መሬት ላይ በገመድ የሚጎተት ካርቶን ይመስላል። የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች እጅብ አድርጋችሁ መነሻው አጠገብ ብታስቀምጡ፣ ከዚያም ርቀታቸውን ቀስ በቀስ ብታሰፉ ግን ሞተሩ ሲያቃስት፣ ተሳፋሪው ወደ ኋላ ዘመም ሲል፣ ረዳቱ በሩን ይዞ ሲንጠለጠል ይታያችኋል። የሥዕሉ ብዛት አልጨመረም፣ ሰዓቱም አልረዘመም። የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። አኒሜተሩ ይህን ለመሃል ሠዓሊው የሚነግረው በኪፍሬሙ ጠርዝ ላይ ትንሽ መሰላል የምትመስል መስመር አስምሮ ነው፤ የመሰላሉ ደረጃዎች የተጠጋጉበት ቦታ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ የተራራቁበት ይፈጥናል።

ሌላም አለ። አንድ ልጅ ከአባቱ ፊቱን አዙሮ ወደ እናቱ ይመለከታል። መሃሉ ላይ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጋችሁ ካዞራችሁት የበር መዝጊያ ዞረ እንጂ ልጅ አልዞረም። አገጩን ትንሽ ዝቅ ብታደርጉት፣ ልጁ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር አሰበ። ዓይኑ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ከዞረ ድምፅ ሰምቷል። ጭንቅላቱ ዞሮ ዓይኑ አባቱ ላይ ከቀረ ደግሞ መዞሩን አልፈለገም። ሁለቱ ኪፍሬሞች በሦስቱም ላይ አንድ ናቸው፤ የልጁን ልብ የያዘችው አንዲት የመሃል ሥዕል ናት። እንዲህ ያለችው፣ እንቅስቃሴው በየት በኩል እንደሚያልፍ የምትወስነው ሥዕል ብሬክዳውን የሚል የራሷ ስም አላት፤ ልምድ ላለው ሰው ነው የምትሰጠው።

በአራት ኪሎ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ዳር ተቀምጣችሁ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሲመልሱ ተመልከቱ። እጃቸው ቀድሞ ይቆማል፤ የነጠላው ጥለት ግን ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ዞሮ፣ ትከሻውን አልፎ፣ ጀርባ ላይ ሁለቴ ወዝወዝ ብሎ ነው የሚያርፈው። ይህን በስድስት ሥዕል መያዝ የቻለ ሰው ስለ ጨርቅ ክብደት ከማንኛውም ትምህርት በላይ ተምሯል። እስክስታም እንዲሁ ነው። ትከሻው ይመራል፣ ደረት ይከተላል፣ ጭንቅላት ዘግይቶ ይመልሳል፤ ሦስቱን በአንድ ፍሬም ላይ ብታንቀሳቅሷቸው ጭፈራው ይሞታል።

ይህ ሁሉ ሥራ አሁን በኮምፒውተር አይሠራም ወይ? ይሠራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ኔስቶር በርትኒክና ማርሴሊ ዌይን የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ኪፍሬም ሲሰጡት መሃሉን ራሱ የሚያሰላ ፕሮግራም ሠሩ። በዚያው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራ አጭር ፊልም ለኦስካር ታጭቷል። ዛሬ ማንኛውም የአኒሜሽን ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ሁለት ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ኮምፒውተሩ መሃሉን ይሞላል።

ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ነው። በካልሲና በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ የተሠራውን የሰፈር ኳስ ከላስቲክ ኳስ እኛ ካልነገርነው አይለይም። የመጀመሪያው መሬት ላይ ዱብ ብሎ አንዴ ተነሥቶ ይቀራል፤ ሁለተኛው እየነጠረ ይሄዳል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱም ክብ ናቸው። ስለዚህ የጀማሪ ሥራ ላይ ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ እንዳለ ሲንሳፈፍ የምናየው፣ መሃሉ ለማሽኑ ተትቶ ስለቀረ ነው።

ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን ሰው ላይ የደረሰው ነው። መሃሉን ማሽን ሲወስደው የጀማሪው ወንበርም አብሮ ሄደ። በጃፓን ያ ወንበር እስከ ዛሬ አለ፤ ክፍያው በአንድ ሥዕል ተመን ስለሆነ ዝቅተኛ ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን ቀንሷል ወይም ጠፍቷል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ መቼም በሰፊው አልነበረም።

በዚህ ከተማ አኒሜሽን ሥራ አለ። ማስታወቂያ አለ፣ የድርጅት አርማ ማንቀሳቀስ አለ፣ ስለ ክትባትና ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምሩ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ፣ የልጆች ዝግጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የእነ ብሩክታዊት ጥጋቡ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በአሻንጉሊት በሚቀርብ የልጆች ፕሮግራም ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ጀግና የሆኑበት ተከታታይ አኒሜሽን እስከ መሥራት ደርሷል። ሥዕል መማር ለሚፈልግም በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንት ትውልድ አፍርቷል። የሌለን ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ጀማሪና አዋቂ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሥዕል የሚቀባበሉበት ጠረጴዛ ነው። እዚህ አኒሜተር ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ታሪኩን ይጽፋል፣ ይስላል፣ ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ ያስገባል፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ቪዲዮው እንዲያልቅ ይጸልያል። ሌሊት ኢንተርኔት ሲረክስ ትምህርት አውርዶ ብቻውን ይማራል። ብቻውን ስለሚማርም ስህተቱን ቀይ እርሳስ ይዞ የሚያሳየው የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ የመሃል ሠዓሊ ዋና ደመወዝ ያቺ በቀይ ታርማ የምትመለስለት ወረቀት ነበረችና።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ ከእናንተ አንድ እርምጃ የቀደመ ሰው ፈልጉና መሃሉን ለምኑት። «ሥራ ስጠኝ» ማለት ከባድ ነው፤ ሰውየው ራሱ ሥራ ፍለጋ ላይ ሊሆን ይችላል። «የዚህን እጅ መሃል ስድስቱን እኔ ልሣልልህ፣ ካልወደድከው ጣለው» ቢባል ግን እምቢ የሚል ብዙ አይደለም። ሥዕሎቹን ቁጥር ስጧቸው፣ መሰላሉን ጠይቁ፣ እርማቱን ተቀበሉ። ሥራው ተከፋይ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ገንዘቡ ተነጋገሩ፣ ቀብድም ተቀበሉ፤ ይህን ማንሣት ነውር አይደለም።

መሣሪያው እንደምታስቡት አይከብድም። የመስኮት መስታወት ቀን ላይ የሥዕል መገልበጫ ይሆናል፤ ማታ በመስታወት ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አምፖል ይተካዋል። ሥዕሎቹን በስልክ ካሜራ አንድ በአንድ አንሥቶ ማጫወት ይቻላል። ኮምፒውተር ያለው ብሌንደርን ወይም ክሪታን ይጫን፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ በውጭ ምንዛሬ በየወሩ የሚከፈልበትን ፕሮግራም መግዛት ለማይችል ሰው ትልቅ በረከት ነው። ሥራ ሲጠየቅ የሚታየው ሾውሪል፣ ማለትም የሥራ ናሙናዎች የተሰበሰቡበት አጭር ቪዲዮ፣ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ እመርጣለሁ። አሥር ያማሩ ገጸ ባሕርያት ቆመው ከማይ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ሲከብዳቸው ባይ ያን ልጅ ነገውኑ እጠራዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቡና ስጠጣ አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚወርድ የጨርቅ ኳስ ሠርታለች። ቀለሙ ያምራል፣ የደረጃው ጥላ ሳይቀር ተስሏል፤ ኳሱ ግን እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል። ኮምፒውተሩ የሞላውን መሃል በሙሉ አጠፋንና ከአንዱ ደረጃ እስከ ሌላው አምስት ሥዕል በእጇ እንድትስል ነገርኳት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በፍጥነት ጨረሰች። አራተኛዋ ላይ እርሳሷን ይዛ ቆየች፤ ኳሱን መሃል ላይ አስቀመጠችው፣ ደመሰሰችው፣ ወደ ታች ወሰደችው፣ መሬት ሊነካ ሲል ተወችው። በስልኳ አንሥታ አጫወተችው።

«ጋሼ፣ አሁን ከበደ» አለችኝ። ከዚያ አምስተኛውንም ደምስሳ እንደገና መሳል ጀመረች።