የጠላቂ ሰዓት ከቃሊቲ እስከ ባቦጋያ

የጠላቂ ሰዓት ውሃ ውስጥ ገብቶ ለሚሠራ ሰው ተብሎ የተሠራ የእጅ ሰዓት ነው። ቤቱ ውሃ አያስገባም። ጠቋሚዎቹ ጨለማ ውስጥ ያበራሉ። ዙሪያውን ደግሞ ደቂቃ የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት አለው። ቀለበቱን ቤዝል ይሉታል።

ባሕር በሌለው አገር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይህ ሰዓት ምን ይሠራል? ከቃሊቲ ተነስቶ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ሰው መልሱን እጅ እጅ እያየ ያገኘዋል። ሳይት ላይ ፎርማኑ፣ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ፣ ጋቢና ውስጥ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሹፌር አስሮታል። አብዛኛው የሮሌክስ ሰብማሪነርን መልክ የያዘ ፎርጅድ ነው። ጥቂቱ እውነተኛ ሴኮ ነው። እውነተኛ ሮሌክስ ያሰረ ሰው ካለም እጅጌውን ወደ ታች ስቦታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጠላቂ ሳይሆን ከውሃ መከላከያ ነው። ሮሌክስ ኦይስተር የተባለውን ውሃ የማያስገባ ቤት በ1926 አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በማግስቱ ዓመት መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ የእንግሊዝን ቻናል ስትሞክር ሰዓቱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። በ1930ዎቹ ኦሜጋና ፓኔራይም የየራሳቸውን ሠሩ።

ወሳኙ ዓመት 1953 ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሁለት መኮንኖች፣ ሮቤር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ፣ አዲስ ለተቋቋመው የጠላቂ ተዋጊዎች ክፍል የሚሆን ሰዓት ይፈልጉ ነበር። የስዊዙ ሰዓት ሠሪ ኩባንያ የብላንፓ ኃላፊ ዣን ዣክ ፊሽቴ ደግሞ ራሱ ጠላቂ ነበር። አንዴ ውሃ ውስጥ ጊዜው ጠፍቶበት አየር ሊያልቅበት ትንሽ ቀርቶት እንደነበር ይነገራል። ከሁለቱ ወገን ፍላጎት ፊፍቲ ፋዘምስ የተባለው ሰዓት ተወለደ። ስሙ «ሃምሳ ፋዘም» የሚል የጥልቀት ልክ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሮሌክስም በዚያው ዓመት ሰብማሪነርን ሠራ፤ በ1954 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል በተካሄደው የሰዓት ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየው። ማን ቀደመ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሁለቱም ደጋፊ የየራሱ ማስረጃ ስላለው እዚህ አልፈርድም።

ቀለበቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጠላቂው ከመግባቱ በፊት የቀለበቱን ሦስት ማዕዘን ምልክት ትልቁ ጠቋሚ ላይ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጠቋሚው ከቀለበቱ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ያለፈው ደቂቃ ነው። መቀነስም መደመርም የለም። በድሮው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠንጠረዥ 18 ሜትር ላይ ሳያርፉ ለመውጣት የሚፈቀደው 60 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ መንገድ ላይ እየቆመ መውጣት አለበት። ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞረውም ለዚህ ነው። ሳይታወቅ ቢነካ ያለፈውን ጊዜ ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ጠላቂው ቢሳሳት ቀድሞ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የጥልቀት ፉክክር ነው። በ1960 ትሪየስት የተባለችው ጠላቂ መርከብ ከባሕር ሁሉ ጥልቅ ወደሆነው ወደ ማሪያና ገደል ስትወርድ የሮሌክስ ልዩ ሰዓት ውጫዊ አካሏ ላይ ታስሮ ነበር፤ እየሠራም ወጣ። ሴኮ የመጀመሪያውን የጠላቂ ሰዓት በ1965 አወጣ። በ1968 አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ጠላቂ፣ ሰዓቶቹ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ለሚሠራ ሰው አይበቁም ብሎ ለሴኮ ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው ሰባት ዓመት ሠርቶ በ1975 በቲታኒየም የተሠራ የ600 ሜትር ሰዓት ይዞ መጣ። ለቅሬታ ደብዳቤ እንዲህ ያለ መልስ የት ይገኛል? ለእኔ በጥንካሬ ሴኮን የሚያህል የለም።

በ1980ዎቹ ጥልቀቱንና ጊዜውን ራሱ የሚያሰላ የጠላቂ ኮምፒውተር መጣ፣ ሰዓቱም ለጠላቂው ቀስ በቀስ መጠባበቂያ ሆነ።

አይኤስኦ 6425 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የጠላቂ ሰዓት ለመባል ቢያንስ 100 ሜትር መቻልን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት ይፈተሻል። ጨለማ ውስጥ ከ25 ሳንቲሜትር ርቀት መነበብ አለበት። አንዱ ፈተና እቤት ይሠራል። ሰዓቱን ሞቅ ማድረግና መስታወቱ ላይ ቀዝቃዛ የውሃ ጠብታ መጣል ነው። ከውስጥ ጉም ከያዘ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ቃሊቲ የማውቀው ሰዓት ሠሪ ይህን የሚያደርገው ከጎኑ ካለችው ቡና ሻጭ ምድጃ ዳር ነው። ሰዓቱን ጀበናው አጠገብ ያስቀምጣል፣ በጣቱ ጀርባ ሙቀቱን ይለካል፣ ከዚያ ከስኒ ማጠቢያው ውሃ አንድ ጠብታ። የእኔን ሰዓት ሲሞክር ልክ ከጠብታው ሥር የሳንቲም ያህል ነጭ ክብ ወጣ። ሌላ ቦታ ባትሪ ያስቀየርኩ ጊዜ የጎማ ማሸጊያውን አጣመው ከድነውት ኖሯል። ጎማውን በመርፌ አውጥቶ አሳየኝ፤ አንድ ጎኑ እንደ ክር ቀጥኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ማንሳት ያስፈልጋል። 30 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት 30 ሜትር ይገባል ማለት አይደለም። እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው። ለዋና ቢያንስ 100 የተጻፈበት ይሻላል። የተጻፈው ቁጥርም የሚሠራው ጎማው ጤነኛ፣ የጎን መጠምዘዣውም የጠበቀ ሲሆን ብቻ ነው። ፎርጅዱ ላይ የተጻፈውን 300 ግን እንደ ጌጥ ማየት ነው።

በዳርቻው ሰፈሮች ሰዓቱ በእውነት የሚሠራው ሳይት ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአርማታ ሙሌት ሲኖር ሚክሰሩ ከማምረቻው ከተነሳ ጀምሮ ጊዜ ይቆጠራል። በተለመደው ደንብ ውሃ ከነካው በኋላ በ90 ደቂቃ ውስጥ መራገፍ አለበት። አጎቴ ፎርማን ነው። ስልክ ተደውሎ «ወጥቷል» ሲባል ቀለበቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ያዞራል። 90 ደቂቃ ማለት ትልቁ ጠቋሚ አንድ ሙሉ ዙርና ግማሽ ሲሄድ ነው። ስልኩን ለምን አይጠቀምም? እጁ ሲሚንቶ ነዋ። መንገድ ተዘግቶ ጊዜው ካለፈ ሰዓቱን ለሹፌሩ ያሳየዋል፤ ያኔ ጭቅጭቁ ይጀምራል።

የሐበሻ አቆጣጠር ለዚህ ሰዓት የራሱን ፀባይ ሰጥቶታል። በፈረንጅ ሰዓት ለሞላው ሰው ቀላሉ ዘዴ ከትንሹ ጠቋሚ ትይዩ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። ቀለበቱን ተጠቅሞ ምልክቱን 6 ላይ የሚተክልም አለ። ያኔ በቀለበቱ ላይ 5 የሚለው 1 ሰዓት፣ 10 የሚለው 2 ሰዓት ይሆናል። አሪፍ ነው፤ ግን ቀለበቱ ደቂቃ መቁጠሩን ያቆማል። በእኛ ሰዓት የሞላ ሰው ደግሞ ቀኑ የሚቀየርበትን መምረጥ አለበት። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው 12 ላይ ነው፤ ለእኛ ንጋት ወይም ምሽት ማለት ነው። ንጋት ላይ ማድረግ ይሻላል። ምሽት ላይ ካደረግኸው ሠራተኛው ራት ሳይበላ ነገ ይሆናል። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል፤ ወራችን ግን 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ቀኑ ጳጉሜን ጨምሮ በዓመት 13 ጊዜ በእጅ ይስተካከላል። በፈረንጅ 5 ጊዜ ይበቃል።

መጥለቅን በተመለከተ ቢሾፍቱ ሐይቅ አያጣም። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65፣ ሆራ 38 ሜትር ይጠልቃሉ ተብሎ ተለክቷል። 100 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት ለሁሉም ይበቃል። ሰውየው ግን ላይበቃ ይችላል። የመጥለቂያ ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ለከፍታ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። አገሪቱ ምጽዋ ላይ የነበራት ባሕር ኃይል ቢቀርም ባቦጋያ ዳር ዛሬም መርከበኛ ይሠለጥናል። ከፍታው ሰዓቱንም ይነካል። አዲስ አበባ ተከድኖ ጅቡቲ የወረደ ሰዓት ላይ የሚጨመረው የአየር ግፊት 2 ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ ከመግባት ጋር እኩል ነው። ጎማው የደከመ ሰዓት ውሃ ሳይነካው እርጥበት ቢያስገባ አይገርምም።

ውድ የሆነውን ለሥራ ማሰር ይገባል ወይ የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። አይገባም የሚሉት ዋጋውን ያነሳሉ። በ1950ዎቹ 150 ዶላር ገደማ የነበረው ሰብማሪነር ዛሬ አዲሱ ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አንድ ጭረት ዋጋ ይጥላል፣ ሚኒባስ መስኮት ላይ የተዘረጋ እጅም ሌባ ይጠራል። ይህ እውነት ነው። ግን ሰዓቱ የተሠራው እኮ ለጭቃና ለጨው ነው። ካዝና ውስጥ የተቀመጠ የጠላቂ ሰዓት ጎማው እዚያው ይደርቃል፣ ዘይቱም ይወፍራል። እኔ ወደ ማሰሩ አደላለሁ፤ ሌባውን በተመለከተ ግን መልስ የለኝም።

የአጎቴ ሴኮ ኤስኬኤክስ 007 ነው፤ ከ1996 እስከ 2019 ድረስ የተሠራው ባለ 200 ሜትሩ። የአንድ መርከበኛ ዘመዳችን ስጦታ ነበር። በጎን መጠምዘዣው አይሞላም፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱ ይሞላል። መስታወቱ ላይ የፌሮ ጭረት አለው። የቀለበቱ ጥርስ ውስጥ ሲሚንቶ ገብቶ ሲደርቅ እሁድ እሁድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ይፈትገዋል፣ ከዚያ ጆሮው አጠገብ አድርጎ አንድ ዙር ያዞረዋል። 120 ቀጭታ ነው። ካልሞላ እንደገና ይፈትገዋል።