ከፍ ያለችው የባሪያ ልጅ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የአየርላንድ ሴት ስም ላካፍላችሁ፤ ብሪጂድ ስለሚባለው። ሥሩ በጥንታዊ ቋንቋቸው «ከፍ ያለች» ማለት ነው።

ወንጌል ሳይደርሳቸው በፊት በዚህ ስም የሚጠሯት ጣዖት ነበረቻቸው። ባለቅኔው፣ ሐኪሙ፣ አንጥረኛው ሁሉ የእሷ ነበር። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ግን ስሙን ሌላ ሴት ወረሰችው። ገድሏ እናቷ ባሪያ እንደነበረች ይናገራል። አድጋ መነኮሰች፤ ኪልዴር ላይም ገዳም መሠረተች።

ከመመንኮሷ በፊት አባቷ ልጁን ሊሸጣት ወደ ንጉሥ ወሰዳት። እሱ ሊነጋገር ሲገባ እሷን ሠረገላው ላይ ትቷት ነበር። አንድ ለምጻም መጣና ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመናት። በእጇ ምንም የለም። ዞር ስትል የአባቷን ሰይፍ አየች፤ በዕንቁ ያጌጠ ነው። ብድግ አድርጋ ሰጠችው! አባቷ በንዴት ጦፈ። ንጉሡ ግን ይህች ልጅ በእግዚአብሔር ፊት ከእኛ ትበልጣለች ብሎ መለሰው።

ከዚያ በኋላ ስሟ እጅግ ተከበረ። ወንዶችን ሳይቀር «ማኤል ብሪግዴ» ይሏቸው ጀመር፤ የብሪጂድ አገልጋይ ማለት ነው። እኛ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ጊዮርጊስ እንደምንለው መሆኑ ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ።

እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ አለቀና አገሩን ረሃብ መታው። ብዙ ወጣት ሴቶች አሜሪካ ተሰደው ሰው ቤት ተቀጠሩ። እመቤቶቹ የልጅቷን ስም እንኳን ሳይጠይቁ «ብሪጂት» (ብሪጂድ በእንግሊዝኛ አጠራር) ይሏት ነበር። ስሙ የቤት ሠራተኛ መጠሪያ፣ የጋዜጣ መሳለቂያ ሆነ። አፍረው ስማቸውን የቀየሩም አሉ። ዛሬ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ሕመም ያውቁታል።

ጌታ ግን «ማንም ከእናንተ ታላቅ ሊሆን የሚወድ የእናንተ አገልጋይ ይሁን» አለ (ማርቆስ 10፥43)። እኔ ስሙ ያኔ ተዋረደ ብዬ አላምንም። የባሪያይቱ ልጅ ወዳከበረችው ቦታ ተመለሰ እንጂ። እነዚያ ሴቶች ከደመወዛቸው ላይ ለእናት ለአባታቸው ይልኩ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያንም ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 የተከፈተው የኒውዮርኩ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ሲሠራ የእነሱም ሳንቲም ገብቶበታል። ሰዎች በስማቸው ይስቁ በነበረበት በዚያው ዘመን።