አካውንት ማረጋገጥ ምንድን ነው?

“የሶሻል ሚዲያ ተጠቃሚ ሁሉ በፋይዳ ይረጋገጥ፤ ስድቡም ውሸቱም በማግስቱ ያበቃል።” ይህን ሐሳብ ሰሞኑን በየገጹ አየዋለሁ። ከሥሩም “ትክክል!” የሚል አስተያየት ይደረደራል። የምኖረውም የምሠራውም ጅማ ነው፤ ሙያዬ የመረጃ ደህንነት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች እንደ አንድ እየተቆጠሩ ነውና።

ማረጋገጥ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን አካውንት የያዘው ሰው “ነኝ” ያለውን ነው ወይ? መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ በቃ። የሚጽፈው ነገር እውነት ይሁን አይሁን አይነግረንም። ስሙ ለሕዝብ ይታይ አይታይም ሌላ ውሳኔ ነው። ሰዉ ግን ሦስቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸውና “ከተረጋገጠ በስሙ ይጽፋል፣ በስሙ ከጻፈ አይዋሽም” ይላል።

የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ቡና ወደ ምርት ገበያ መጋዘን ሲገባ ናሙና ይወሰድለታል። ናሙናው ኮድ ይሰጠዋል። ቀማሹ ፊት ሲቀርብ የአቅራቢው ስም አይታይም። ቀማሹ የሚፈርደው በፍሬው ጉድለት፣ በመዓዛውና በጣዕሙ ነው። ስሙ የተሸፈነው ፍርዱ እንዳያዳላ ነው። ኮዱ የማን እንደሆነ ግን በመዝገብ ላይ አለ፤ ጥያቄ ከተነሳ ይታያል። አካውንትም እንዲህ ሊሠራ ይችላል። አንባቢ የብዕር ስሙን ያያል፤ ባለቤቱን የሚያውቅ መዝገብ ሌላ ቦታ አለ። በብዕር ስም የሚጻፍ ሁሉ ያልተረጋገጠ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ነው የሚዘነጉት።

ነገሩን ገልብጠን ደግሞ እንየው። ጆንያው ላይ የነጋዴውን ስም እስከ አያቱ ብንጽፍ፣ ፎቶውንና የጣት አሻራውን ብንለጥፍ፣ ውስጥ ያለው ሻጋታ አይለቅም። አንድ ልዩነት ግን አለ። ጆንያ ይታሸጋል፤ አካውንት አይታሸግም። ዛሬ በትክክለኛ መታወቂያው ያረጋገጠ ሰው ነገ ፔጁን ከነተከታዩ ይሸጠዋል። የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ፔጅ እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም። “የተረጋገጠ” የሚለው ምልክት ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ “መቼ ነው የተረጋገጠው?” ብሎ መጠየቅም የሥራው ክፍል ነው፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ግን እምብዛም አላይም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ትዊተር በወር 8 ዶላር ለከፈለ ሁሉ ሰማያዊውን ምልክት መስጠት ጀመረ። ወዲያው አንድ ሰው የመድኃኒት አምራቹን የኢላይ ሊሊን ስም ይዞ “ኢንሱሊን በነፃ ሆኗል” ብሎ ለጠፈ። ምልክቱ ነበረው። ምልክቱ ያረጋገጠው ግን መክፈሉን ብቻ ነው። አንባቢው “እውነት ነው” ብሎ ተቀበለው፤ ኩባንያው ወጥቶ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ።

“ስሙ ከታወቀ ግን ይፈራል” ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። እስቲ ሕዝብ ከሕዝብ ሲያባሉ የምናያቸውን ሰዎች እናስታውስ። ብዙዎቹን የምናውቃቸው በስማቸውና በፊታቸው ነው። ላይቭ ገብተው ነው የሚናገሩት። ከፊሎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ የፋይዳ ግዴታ አይደርስባቸውም። አገር ውስጥ ላለውም ሕግ አልጠፋም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው ቅጣት ያከብዳል። ቴሌግራም ለመክፈት ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፤ ሲም ካርድ ለማውጣት ደግሞ መታወቂያ። ከጎረቤቱ ቢሰወርም ዱካው ጨርሶ የጠፋ ሰው ጥቂት ነው።

ደቡብ ኮሪያ ይህን በሕግ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ድረ ገጾች ላይ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። በ2011 ሳይወርልድና ኔት የተባሉት አገልግሎቶች ተጠለፉ፤ የ35 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጣ። በ2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ግዴታውን ሻረው። ሕገ ወጥ ጽሑፍ በጉልህ ቀንሷል የሚል ማስረጃ አላገኘም፤ ተጠቃሚውም ወደ ውጭ ድረ ገጾች ሸሽቶ ነበር።

በኛ አገር ስም ከስም በላይ ነው። የአባትና የአያት ስም ሲደመር ብሔር ይገመታል፣ ሃይማኖት ይገመታል። ጅማ ደግሞ ሰፊ ከተማ አይደለችም፤ ስም ከተጠራ የማን ልጅ እንደሆነች ፈረንጅ አራዳ ላይም ሄርማታ ላይም የሚያውቅ አይጠፋም። አንዲት ተማሪ መምህሯ ያደረሰባትን ትንኮሳ በስሟ ጻፊ ብንላት ምን ይፈጠራል? ዝም ትላለች። አንድ የጤና ባለሙያ የሚሠራበት ቦታ ጓንት መጥፋቱን በስሙ ይጽፋል? አይጽፍም፤ እንጀራው ነው። ክርክሩም ይበላሻል። አሁንም ቢሆን ሐሳቡን ትቶ ስሙን አይቶ የሚመልስ ሞልቷል። ሁሉም ከነአያቱ እንዲወጣ ካስገደድን ለዚህ ሰው ሥራውን አቀለልንለት። በስም መጻፍን ግዴታ ማድረግ የሚጎዳው መጀመሪያ ደካማውን ነው፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ሌላው የሚያሳስበኝ “የመታወቂያህን ፎቶ ላክ” የሚባለው ነገር ነው። ፎቶ መላክ ማረጋገጥ አይደለም። ፎቶው የእኔ መሆኑን እንጂ የላክሁት እኔ መሆኔን አያሳይም። ከተማችን ውስጥ ወዳሉት የኮፒና የፕሪንት ቤቶች ግቡ። ሰዉ የፋይዳውን ፋይል በቴሌግራም ይልካል፤ ልጁ አውርዶ፣ ቀለም አስተካክሎ፣ ላሚኔት አድርጎ ይሰጠዋል። ፋይሉስ? እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። አንድ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ስክሪኑን አየሁት። የማላውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ስም፣ የልደት ቀንና ቁጥር በረድፍ ተደርድሯል። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ አጥፋ ያለው የለም። ሶሻል ሚዲያው የመታወቂያ ፎቶ መቀበል ቢጀምር ከእነዚህ ፋይሎች አንዱን የያዘ ማንም ሰው በሌላው ስም “የተረጋገጠ” ይሆናል።

ትልልቆቹም አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዲስኮርድ የተባለው የመወያያ መተግበሪያ የዕድሜ ማረጋገጫ ብለው ከላኩ ሰዎች ውስጥ የ70,000 ያህሉ የመታወቂያ ፎቶ ሊጋለጥ እንደሚችል አስታውቋል፤ የተጠለፈው አብሮት የሚሠራ ሌላ ድርጅት ነበር። የይለፍ ቃል ሲሰረቅ ይቀየራል። ፊትና የጣት አሻራ ግን ምን ተደርጎ ይቀየራል?

ስለ ስም አጻጻፍም ሳልናገር አላልፍም፤ በየቀኑ የሚያጋጥመን ነገር ነውና። ጫላ የሚባል ሰው በአማርኛ ጫላ ነው። በቁቤ ሲጻፍ በ“ሲ” ይጀምራል፣ አናባቢዎቹም ይደረባሉ። በእንግሊዝኛ ደግሞ “ሲኤች” ይሆናል። የትምህርት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ የባንክ ደብተሩ ሌላ ዓይነት ነው። ፊደል በፊደል የሚያነጻጽር ሲስተም ይህን ሰው ሦስት ሰው ያደርገዋል፤ ወይም “አልተረጋገጥክም” ብሎ ይመልሰዋል። ግዴታ ይሁን የሚሉት ሰዎች በሩ ላይ ስለሚቀረው ስለዚህ ሰው አስበው ያውቃሉ?

ማረጋገጥን አልቃወምም። ኑሮዬ ነው። በአንድ ተቋም ወይም በአንድ ባለሥልጣን ስም የተከፈተ ገጽ መረጋገጥ አለበት እላለሁ፤ ገንዘብ የሚሰበስብ ገጽም እንዲሁ። እዚያ ላይ “ነኝ” ያለውን መሆኑ ራሱ ዋናው ጉዳይ ነው። ለተራው ተጠቃሚ ግን ምርጫው የራሱ ይሁን። ዕድሜ ማወቅ ካስፈለገ፣ አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ የሶሻል ሚዲያ አካውንት እንደከለከለችው፣ መጠየቅ ያለበት ዕድሜው ብቻ ነው። ፋይዳ አዎ ወይም አይደለም ብሎ እንዲመልስ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ድርጅቱ መታወቂያውን ማየት ሳያስፈልገው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ አትሰብስቡ ነው የሚለው።

እስከዚያው ግን “አካውንትህን ለማረጋገጥ” ብሎ የፋይዳ ፎቶ በቴሌግራም ለጠየቃችሁ አትላኩ። በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ያንን ኮድ ያገኘ ሰው በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል። ፕሪንት ካስደረጋችሁም ከመውጣታችሁ በፊት “ፋይሉን አጥፋልኝ” በሉት፤ ሲያጠፋውም ቆማችሁ እዩ።