«ከፍታው ይጥላቸዋል»፦ ስለ ጎጃም ኳስ፣ ጉግስና አዝማሪ የሚባለውና እውነታው

በጎጃም የዕረፍት ቀን ሲገኝ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ጨዋታ ማየትና ዘፈን መስማት። ስለ ሁለቱም ከሚወራው ግን ግማሹን ብቻ ማመን ይሻላል።

«የውጭ ቡድን ባሕር ዳር ከመጣ ከፍታው ይጥለዋል»

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከጠረፍ የመጣ ተጫዋች ቶሎ ማለክለክ ይጀምራል፣ ረጅም ኳስም ካሰበው በላይ ይርቅበታል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ሆኖም ኅዳር 2012 ኮትዲቯር 2 ለ 1 በተሸነፈችበት በዚያው ስታዲየም፣ መስከረም 2014 ደቡብ አፍሪካ ዋልያዎቹን 3 ለ 1 አሸንፋ ሄዳለች። ጆሃንስበርግ ራሷ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ብዙው ሰው ይረሳዋል። ከፍታ የሚጎዳው ያልለመደውን ነው። ይልቅ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ሄዶ ኳስ ሊጫወት ያሰበ ሰው ለራሱ ያስብ፦ እዚያ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ሳይሮጡ ኳስ እያቀባበሉ ማሳለፍ ይበጃል።

«ጉግስ የፈረስ እሽቅድምድም ነው»

ቀድሞ የደረሰ አያሸንፍም። ጉግስ የጦር ሜዳ ልምምድ ነው፤ አንዱ ወገን እየጋለበ ይሸሻል፣ ሌላው ተከትሎ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻ ይመክታል። የፈረሱን ፍጥነት ብቻ ያየ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። መታየት ያለበት ፈረሰኛው ልጓሙን በአንድ እጅ ይዞ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ከኮርቻው ሳይነቃነቅ ጋሻውን የሚያዞርበት ቅጽበት ነው። ስግሪያ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚፈረደው በእርምጃው ማማር ነው።

ጉግስ በሰፊው የሚታየው ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሲሆን የዓድዋን ፈረሶች ውለታ ያስባል። የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ሜዳው ላይ በጎን በኩል እንጂ በሩጫው ጫፍ አይቆምም፤ በሙሉ ግልቢያ ላይ ያለ ፈረስ በአንዴ አይቆምምና። ጃንጥላ ደግሞ ፈረሱ አጠገብ ድንገት አይዘረጋም። ለፀሐይ ብሎ የተከፈተ አንድ ጃንጥላ አንድ ፈረስ ያስበረግጋል፣ አንዱ ፈረስ ሌሎቹን።

«አዝማሪ ሰው ሊሰድብ ነው የሚያየው»

ይህን ብሎ ጥግ የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። አዝማሪ ስለ ሰው ከረቫት ወይም ሆድ ሲገጥም ለጨዋታ እየጋበዘ ነው፤ መልሱም ማኩረፍ ሳይሆን ግጥም መስጠት ነው። አሰጣጡ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ «ተቀበል!» ይባላል። ከዚያ አንድ ስንኝ ብቻ ይነገራል፣ አዝማሪው እስኪያዜመው ይጠበቃል፣ ሁለተኛው ይቀጥላል። አራት ስንኝ በአንድ ትንፋሽ የሚያወርድ ሰው አዝማሪውን ያደናግራል፤ የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው፣ ቤት መምቻውም ይጠፋል።

ሌላው ስህተት ርዝመት ነው። ለዚህ የሚመቸው የወል ቤት ነው፦ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (ፊደል ሳይሆን በአፍ ሲነገር አንድ ላይ የሚወጣ ድምፅ)፣ መሐሉ ላይ 6 ለ 6 የሚከፈል። ለምሳሌ፦

ኳስ መረቡን ነካ፣ ደስ አለው ሀገሩ፤
የኔን ልብ የነካው፣ አልመጣም ከበሩ።

በጣት እየቆጠሩ መሞከር አያሳፍርም። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ከሆነ ከዜማው ውጭ ይንጠለጠላል።

ሽልማትም እንዲሁ ነው። ዝርዝር ብር ከመግባት በፊት ይዘጋጃል። የሚሰጠው ቤቱ ከተመታ በኋላ ነው፣ ግንባር ላይ ተለጥፎ ወይም በእጅ። የመሰንቆውን ደጋን የያዘውን እጅ ስንኝ መሐል መያዝ ዘፈኑን መቁረጥ ነው።

«መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው»

አንዱ ክር ብዙ የፈረስ ጭራ ተጠቅልሎ የተሠራ ነው። ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክትም የለም። ልክ የሆነውን ድምፅ የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው። የደጋኑ ጭራ ሙጫ ካልተቀባ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። አየሩ ሲረጥብ፣ በተለይ ጣና ዳር በክረምት፣ ቆዳውም ጭራውም ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ በየመሐሉ የሚያጠብቅ አዝማሪ አልቻለበትም ተብሎ አይታማም።

«ድምፅ ማጉያው አጠገብ መቀመጥ ነው ጨዋታው»

በ100 ዴሲቤል ጆሮ ሳይጎዳ የሚቆየው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። መለኪያ አያስፈልግም፦ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ለማነጋገር መጮህ ካስፈለገ ወንበር መቀየር ነው።

«ፀሐይ ላይ ኳስ ሲያዩ የበሉት ምች ያመጣል»

ግማሹ ልክ ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ቫይረስ ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። ምግቡ ግን ጥፋት የለበትም። ባርኔጣ ማድረግ ነው።

«አዝማሪ ሁልጊዜ አለ»

የዘፈኑ ወቅት ከገና ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው፤ ጥር ሠርጉም ጥምቀቱም የሚደራረብበት ነው። በጾሙ 55 ቀናት ሠርግ የለም፣ አብዛኛው አዝማሪ ቤትም ይቀዘቅዛል፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ለአዝማሪ ብሎ ሩቅ መንገድ መሄድ ኪሳራ ነው። ኳሱ ግን አይጾምም፤ እነዚያን ቅዳሜዎች ለሜዳ መስጠት ነው።