«ይረፉ» እያላችሁ አታድክሟቸው፦ ስለ ጡንቻና ዕድሜ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። በየጊዜው አንድ ልጅ እናቱን ደግፎ ይመጣና «እማዬ ምንም እንዳትሠራ አድርገናል፣ ውሃ እንኳ ካለችበት ነው የምናቀርብላት፣ ግን ጉልበቷ እየባሰበት ነው» ይለኛል። የባሰባት እኮ ለዚህ ነው!

ትንንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ልጨርስ። ልጅ ክብደት ካነሳ ቁመቱ ይቀራል? አይቀርም፤ ክብደቱ ልኩን የጠበቀ ይሁን፣ የሚያሠራው ሰው አጠገቡ ይኑር። ዎከር፣ ያ ሕፃን ውስጡ ሆኖ የሚገፋው ባለ ጎማ መቀመጫ፣ ሕፃንን ቶሎ ያስኬዳል? አያስኬድም፣ ከደረጃ ግን ይጥለዋል፤ ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን አግዳለች። ጤነኛ ልጅ በ9 ወሩም በ17 ወሩም ሊሄድ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ ማሸት ብቻ ነው የምትሉም፣ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። «አርጅተዋል፣ ጡንቻ ከዚህ በኋላ አይጠነክርም፣ ይረፉ።» ይሄ አባባል ስንት ሰው አልጋ ላይ አስቀርቷል!

በዕድሜ ጡንቻ መሳሳቱ እውነት ነው። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮችም ይቀንሳሉ፣ በተለይ ከ60 በኋላ። ይበልጥ የሚጎዱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ስለሆኑ አዛውንት ሲደናቀፉ እግራቸውን ቶሎ ወደፊት ጥለው ራሳቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ግን ቀነሰ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ የቦስተን ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ፣ መጦሪያ ቤት የሚኖሩ ጥቂት ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠሩ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ90 ዓመት! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡ በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ ጡንቻው ገና ሳይወፍር አንጎል ብዙ ክሮችን አንድ ላይ ማዘዝ ይለምዳል። በተቃራኒው ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል።

ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገነላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ልጆቻቸው ከመውደዳቸው የተነሳ ሽንት ቤት ሳይቀር ተሸክመው ነው የሚወስዷቸው። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አስጀመርኳቸው፣ መጀመሪያ በሁለት እጅ ተደግፈው፣ ቀጥሎ በአንድ፣ በኋላ ያለ እጅ። ለፋሲካ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመው አስቀደሱ። ልጃቸው ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነበር።

እናንተም ቤት ሞክሩት። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት። ሲነሱ ፈጠን፣ ሲቀመጡ ቀስ ይበሉ፣ ፍጥነቱም መሠራት አለበትና። ሲቀላቸው ውሃ የሞላ ሃይላንድ ያስይዟቸው። ጠረጴዛ ይዘው በአንድ እግር መቆምም ይልመዱ፣ እናንተ ግን አጠገባቸው ሁኑ። ቡናውን ራሳቸው ማፍላት ከፈለጉ ያፍሉ፣ ለቅሶም በእግራቸው ይድረሱ። ደረታቸውን የሚወጋቸው ወይም የሚያዞራቸው ከሆነ ብቻ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።